ጀርባው የተቆረጠ ካታሎግ በሐበሻ ስፌት

ቅዳሜ ጠዋት

ጥቅሉ ዛሬ ደረሰ። የገዛሁት መጽሐፍ ነው፤ የመጣልኝ ግን የወረቀት ቁልል ነው። የቀድሞው ባለቤት ገጾቹን ወደ ስካነር ለመክተት ብሎ ጀርባውን፣ ማለትም ገጾቹ የተያያዙበትን ጎን፣ በወረቀት መቁረጫ ማሽን ቆርጦታል። ሻጩ አልደበቀም፤ ፎቶውን ከነጉዱ ነበር የለጠፈው። ዋጋው የወረደውም ለዚሁ ነው። እንዲህ ያለ የቆየ ካታሎግ ሙሉው ሲገኝ ኪስ ይጎዳል።

ካታሎጉ «ቴዙካ፦ ዘ ማርቭል ኦቭ ማንጋ» የተባለው ተዘዋዋሪ ዐውደ ርእይ መታሰቢያ ነው። ዐውደ ርእዩን ያዘጋጀው የአውስትራሊያው ናሽናል ጋለሪ ኦቭ ቪክቶሪያ ነው። በ2006 ሜልቦርን ተከፈተ፣ በ2007 ሲድኒ ሄደ፣ በዚያው ዓመት ሰመር ላይ ሳንፍራንሲስኮ ገባ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከ200 በላይ የኦሳሙ ቴዙካ ሥራዎች ነበሩ፤ አብዛኛው በእጁ የነካቸው ዋና ገጾች። እኔ ያየሁት ሳንፍራንሲስኮ፣ ኤሽያን አርት ሙዚየም ነው። ሕንፃው ድሮ የከተማዋ ዋና ቤተ መጻሕፍት ነበር። ለኮሚክ ሥዕል ከዚያ የተሻለ ቤት አይገኝም ባይ ነኝ። ካታሎጉን ያኔ አልገዛሁም። ተማሪ ነበርኩ፤ ከትኬቱ የተረፈኝ ኦክላንድ የሚመልሰኝ የባቡር ገንዘብ ብቻ ነው።

ቴዙካን ለማያውቅ፦ ጃፓናዊ የማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ሠዓሊ ነው፤ «አስትሮ ቦይ» የተባለው የሮቦት ልጅ አባት። በ1928 ተወልዶ በ1989 አረፈ። ሕክምና ተምሮ ጨርሷል፤ ግን መርፌውን ትቶ ብዕሩን ያዘ። በዕድሜው 150 ሺህ ገጽ ያህል እንደ ሣለ ይነገርለታል። ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር የራሴ የእጅ አንጓ ይታመማል።

ሐሳቤ ይኸው ነው። ቅጠሎቹን መልሼ ጥራዝ ጥራዝ (አብረው ታጥፈው የሚሰፉ የቅጠል ክምችቶች) አደርጋለሁ፤ ከዚያ እንደኛ የብራና መጻሕፍት በሰንሰለት ስፌት እሰፋቸዋለሁ፤ በሁለት የእንጨት ገበታ መሐል አስገባቸዋለሁ። በሙጫ ብቻ ለጥፎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ለዚህ መጽሐፍ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ነገ እጽፋለሁ፤ አሁን ቅጠሎቹን በተራቸው መደርደር አለብኝ።

እሑድ ከሰዓት

ተራው ልክ ነው፤ የጎደለ ቅጠል የለም። አንዷ ጥግዋ ላይ ተቀዳለች፤ ስካነሩ ጎትቷት ይሆናል። ቀላል ነው።

ከዚያ ሥራውን ትቼ ማጉያ መነጽር ይዤ ተቀመጥኩ። ቀኑ እዚያው አለቀ፤ አልቆጨኝም።

ማንጋ በመጽሔት ሲታተም የሣለው ሰው እጅ ይጠፋል። እንዲጠፋም ነው የሚሠራው። የቀድሞው የማተሚያ ቤት ፊልም ፈዛዛ ሰማያዊ አያይም፤ ስለዚህ በሰማያዊ እርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ ሁሉ ሳይታተም ይቀራል። የተሳሳተ መስመር በነጭ ቀለም ይሸፈናል፤ ነጩ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኖ ይወጣል። ንግግሩ በሌላ ወረቀት ታትሞ ተቆርጦ የንግግር አረፋው ውስጥ ይለጠፋል፤ የቁራጩ ጠርዝ አይታይም። አንባቢው የሚያገኘው ንጹሕ ጥቁርና ነጭ ነው።

ካታሎግ ግን ዋናውን ገጽ በቀለም ፎቶ አንስቶ ነው የሚያትመው። ያኔ ሁሉም ይጋለጣል። የነጩ ቀለም እብጠት፣ የተለጠፈው ቁራጭ ጥላ፣ ሙጫው በእርጅና ቢጫ የሆነበት ቦታ። የቴዙካ ደግሞ የባሰ ነው። የድሮ ሥራውን ለአዲስ እትም ሲያዘጋጅ እንዳለ አይሰጥም ነበር። ዋናውን ገጽ በመቀስ ቆርጦ ክፈፎቹን ያዛውራል፣ ይቀጥላል፣ አዲስ ይሥልበታል። የሌላ አገር ሙዚየም ቢሆን ይህን ሲያይ ያብዳል፤ ለሱ ግን ገጹ የሥራ ዕቃ ነው።

በማጉያው የአስትሮ ቦይን ፀጉር አየሁ። በመጽሔት አንድ ወጥ ጥቁር ነው። እዚህ ግን ብሩሹ የሄደበት ይለያል። ጫፉ ጋ ሁለቴ ተደርቧል፤ መሐሉ ጋ ቀለሙ ስስ ብሎ ከሥሩ ግራጫ ይታያል። የማንጋ ሠዓሊዎች ረዳቶቻቸው በጥቁር የሚሞሉትን ቦታ በእርሳስ የኤክስ ምልክት ያደርጉበታል። አንዳንዴ ምልክቱ ከሥር ይቀራል። አሁን ገጽ በገለጥኩ ቁጥር እሱን ነው የምፈልገው፤ ሱስ ሆኖብኛል።

እንግዲህ ለዚህ ነው በሙጫ አለጥፈውም ያልኩት። በሙጫ የተለጠፈ ወፍራም መጽሐፍ መሐሉ ላይ አይዘረጋም። ወደ ጀርባው የተጠጋውን ሥዕል ይውጠዋል። በአንድ እጅ መጽሐፉን ተጭኖ በሌላው ማጉያ መያዝ ደግሞ የሰርከስ ሥራ ነው። ይህ ካታሎግ ጠረጴዛ ላይ ለጥ ብሎ መዘርጋት አለበት፤ ካልሆነ ባይጠረዝም ይሻላል።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ልኬት። የተቆረጠው ስንት ነው? የተወሰደውን ወረቀት ማንም አላስቀመጠልኝም። ግን ዘዴ አለው። በሁለት ፊት ለፊት ገጾች ላይ የተዘረጋ ሥዕል ፈልጌ ሁለቱን ቅጠሎች ጎን ለጎን አደረግሁ። ከግራው ገጽ ወደ ቀኙ የሚሻገር ሰያፍ መስመር አለ። ቅጠሎቹን ስታጠጋጊያቸው መስመሩ ይሰበራል፤ ቀስ እያልሽ ስታርቂያቸው አንድ ቦታ ላይ ይገጥማል። እዚያ ላይ ክፍተቱን መለካት ነው። ከላይ 6 ሚሊ ሜትር፣ ከታች 7 ሆነ። ማሽኑ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የቆረጠው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቅጠል 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ሄዷል። ያንን በዋሺ እመልሳለሁ። ዋሺ የጃፓን ወረቀት ነው፤ ከኮዞ ተክል ልጥ የሚሠራው ረጅም ጭረት ስላለው ስስ ሆኖ እንኳ ጠንካራ ነው። የሁለት ቅጠሎች ጠርዝ በአንድ የዋሺ ቁራጭ ይያያዛል፤ መሐላቸው ባዶ ክፍተት ይቀራል፤ እጥፋቱ የሚያርፈው በክፍተቱ ላይ ነው። ክሩም የሚያልፈው በዋሺው ስለሆነ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት አይነካውም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሸክላ የተቀባ ነው፤ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ቀዳዳውም ቶሎ ይሰፋል።

በአንድ ጥራዝ ስምንት ቅጠል ይገባል። አንደኛው ከስምንተኛው፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው፣ ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ጋር ይጣመራል። ቀላል ይመስላል፤ ማታ ድካም ላይ ግን እንዲህ ያለ ስሌት አይታመንም። ጥንዶቹን በወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ።

ሌላ ቅዳሜ

የሙጫ ቀን። ከሱቅ የሚገዛውን ነጭ ሙጫ አልፈለግሁም። ከተለጠፈ በኋላ አይላቀቅም፤ ነገ የሚያስተካክል ሰው ቢመጣ ይረግመኛል። የስንዴ ስታርች ከውኃ ጋር ይሻላል። ሲያስፈልግ በእርጥበት ይለቃል።

አንድ እጅ ስታርች ለአምስት እጅ ውኃ። በለስላሳ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ማማሰል። መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ቀስ በቀስ ይወፍርና ብርሃን የሚያሳልፍ ግራጫ ይሆናል። እዚያ ላይ ማውረድ። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በወንፊት ደጋግሞ ማሳለፍ። ብዙ ሰው እንደ አጥሚት ቀጠን አድርጎ ይጠቀምበታል፤ ለኔ ወረቀት ግን ወፍራምና ደረቅ መሆን አለበት። ሸክላ የተቀባ ወረቀት ውኃ ሲነካው ፊቱ ይለሰልስና ከጎኑ ካለው ገጽ ጋር ይጣበቃል። በጎርፍ የተጎዱ የሥዕል መጻሕፍት ጡብ ሆነው የሚደርቁት ለዚህ ነው።

ጠረጴዛው ላይ መስታወት ዘረጋሁ። ከመስታወቱ ሥር ሚሊ ሜትር የተሠመረበት ወረቀት አለ። ቅጠሎቹን በተቆረጠው ጠርዝ አላስተካከልኳቸውም፤ እሱ ጠማማ ነው። በውጭኛው ጠርዝ ነው ያስተካከልኳቸው። ግራና ቀኝ ማቆሚያ አድርጌ በመሐላቸው ያለው ክፍተት የፈለገውን እንዲሆን ተውኩት፤ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ። ሲታጠፍ ውጭው እኩል ነው።

ከዚያ የዋሺው ስፋት። ሁሉም ቁራጭ እኩል ስፋት ካለው፣ ተለጣፊው ክፍል በአንድ መስመር ላይ እየተደራረበ ጀርባው አካባቢ ጉብታ ይሠራል። መጽሐፉ አይዘጋም፤ አፉን ከፍቶ ይቀራል። መፍትሔው ስፋቱን ማበላለጥ ነው። የውስጠኛው ጥንድ ዋሺ በየቅጠሉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ይያዝ፣ ቀጣዩ 4፣ ቀጣዩ 5፣ የውጭኛው 6። ድርብርቡ ደረጃ በደረጃ ይሳሳል። ዋሺውም በጣም ስሱ ዓይነት ነው፤ በሱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቁራጩን ሙጫ መቀባት፣ ለጥቂት ደቂቃ መተው፣ ውኃው ሲቀንስ በሁለት እጅ ይዞ ማሳረፍ። በአጥንት ማጠፊያ ከመሐል ወደ ጫፍ ማሸት። ከላይና ከታች የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት፣ ከዚያ መምጠጫ ወረቀት፣ ከዚያ ሳንቃ፣ ከዚያ ክብደት። ክብደቱ የእናቴ የብረት ሙቀጫ ነው። ቡና የሚወቅጥበት ሰው በማይኖርበት ሰዓት ብቻ ነው የሚገኘው፤ ቤቱ ውስጥ ድርድር አለ።

ረቡዕ

ሁሉም ጥንዶች ደርቀዋል። አንድም የተጨማደደ የለም። የተቀደደችዋ ጥግ በዚያው ዋሺ ተጠገነች። ታጥፈው፣ ጥራዝ ጥራዝ ሆነው፣ ከባድ ነገር ተጭኖባቸው ያድራሉ።

ሐሙስ ማታ

ጎንደር ደወልኩ። የአክስቴ ባል የኔታ በልጅነታቸው ብራና ፍቀው፣ ጠርዘው ነው ያደጉት። ዛሬም የተቀደደ ዳዊት ሰው ያመጣላቸዋል።

«የኔታ፣ ወረቀት ነው እንጂ ብራና አይደለም። ይይዝልኛል?»

«ምን ዓይነት ወረቀት ነው?»

«የሚያብረቀርቅ። ከባድ ነው።»

«እንግዲያ ክሩን አታንቂው። ብራና ቢጎተት ይችላል፤ ወረቀት ይቀደዳል። ጠበቅ አድርጊ፣ ግን አታንቂ። ለመሆኑ የምን መጽሐፍ ነው?»

«ሥዕል ነው የኔታ። የጃፓን።»

«ቅዱሳን ናቸው?»

«አይደሉም። አንዱ ሮቦት ነው፤ ልጅ የሆነ ሮቦት።»

ትንሽ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ይሁን» አሉ። «ሥዕል ከሆነ ተዘርግቶ መታየት አለበት። አራት ቀዳዳ አድርጊለት፣ ሁለት ሁለት እያደረግሽ።»

የኛ የብራና መጽሐፍ ስፌት ነገሩ ይኸው ነው። ጀርባው ላይ ገመድ የለም፣ ጨርቅ የለም፣ ሙጫ የለም። እያንዳንዱ ጥራዝ ከበፊቱ ጥራዝ ጋር በክሩ ብቻ ይያያዛል፤ ክሩ ጀርባው ላይ የሰንሰለት መልክ እየሠራ ይወርዳል። የሚከለክለው ስለሌለ የትኛውም ገጽ ላይ ብትከፍቺው ይዘረጋል። አሁን አንዳንድ የጃፓን አሳታሚዎች የሥዕልና የፎቶ መጻሕፍትን ጀርባቸውን ሳይሸፍኑ ሰፍተው ያወጣሉ፤ ምክንያታቸው ያው ነው። ልዩነቱ ያኛው በማሽን የተሰፋና በስሱ ሙጫ የተቀባ መሆኑ ነው።

እሑድ

ገበታ። እዚህ ሰፈር ጋራዡን የአናጢ ቤት ያደረገ ጎረቤት አለኝ፤ ዕድሜውም ሙያውም ጋሼ ያስብላል።

«ጋሼ፣ ዋንዛ የት ይገኛል?»

«ዋንዛ? ኦክላንድ? አንቺ ደግሞ! ቼሪ ውሰጂ። አይጣመምም፣ ሲበሱትም አይሰነጠቅም።»

ቼሪ ወሰድኩ። የእንጨቱ ጭረት ከላይ ወደ ታች፣ ከጀርባው ጋር ትይዩ እንዲሆን አስቆረጥኩት፤ ተጋድሞ ቢቆረጥ በስፌቱ ቀዳዳ በኩል ይሰነጠቅ ነበር። ስፋቱ ከቅጠሎቹ ጋር እኩል ነው። የፈረንጅ ጠራዦች ገበታውን ከወረቀቱ ትንሽ ያሳልፉታል። የኛ መጻሕፍት ግን እኩል ናቸው፤ ለከባድ መጽሐፍ ይህ ይሻላል። መደርደሪያ ላይ ሲቆም ወረቀቱ ራሱ መሬት ይረግጣል፤ ተንጠልጥሎ ስፌቱን አይጎትትም።

ቀዳዳዎቹ ቀጥ ብለው አይገቡም። ከጀርባው ጠርዝ ጀምረው በሰያፍ ሄደው በገበታው ፊት በኩል ይወጣሉ። ጋሼ መሰርሰሪያውን አልሰጠኝም። «ያዥልኝ» አለና ራሱ በሳው። ልክ ነው፤ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ሌላ ቅዳሜ፣ ሙሉ ቀን

ስፌት።

ጥራዞቹን በአራት ቦታ በወስፌ በሳሁ። ለዚህ ሥራ የሚሸጥ የተለየ መሣሪያ አለ፤ አገር ቤት ሰፌድ የሚሰፋበት ወስፌ ግን የትም አያንሰውም። ጥራዙ ግማሽ ተከፍቶ በቪ ቅርጽ በተጣጠፈ ካርቶን ላይ ይቀመጣል፤ ወስፌው ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በእጥፋቱ መሐል ለመሐል ይገባል። ቀዳዳው ከወስፌው ጫፍ በላይ መስፋት የለበትም።

ክሩ የተልባ እግር ነው፤ ቀጭኑን መረጥኩ። በየጥራዙ መሐል የሚያልፈው ክር ተደማምሮ ጀርባውን ስለሚያወፍር ነው። በማር ሰም አሸሁት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰሙ ላይ ጎተት ሲደረግ ክሩ አይቋጠርም፣ አይንሸራተትምም።

አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ። ይህ ለአንድ ጥንድ ቀዳዳ ነው። ለሌላው ጥንድ ሌላ ክር። ከመጀመሪያው ጥራዝ ውስጥ ሁለቱ መርፌዎች በሁለቱ ቀዳዳዎች ይወጣሉ። ወደ ገበታው ሰያፍ ቀዳዳ ገብተው፣ በጠርዙ ዞረው ይመለሳሉ። ከዚያ ሁለተኛው ጥራዝ ይደረባል። የግራው መርፌ በግራው ቀዳዳ ይገባል፣ የቀኙ በቀኙ፤ ውስጥ ይተላለፋሉ፤ ግራው በቀኝ፣ ቀኙ በግራ ይወጣል። አሁን እያንዳንዱ መርፌ ወደ ታች ወርዶ ከበፊቱ ስፌት ሥር ያልፋል፤ ሰንሰለቱ የሚፈጠረው እዚህ ነው። ከዚያ ሦስተኛው ጥራዝ። ከዚያ አራተኛው።

የክሩ አሳሳብ ወሳኝ ነው። ክሩን ወደ ላይ ከሳቡት ዋሺውን ይቀደዋል። ከጀርባው ጋር ትይዩ፣ ወደ ጎን ነው የሚሳበው። ክሩ ሲጠብቅ ጣት ላይ ይሰማል፤ ጥራዙ ወደ ታች ቁጭ ይላል። እዚያ ላይ ማቆም። የኔታ «አታንቂ» ያሉትን በእጄ የተረዳሁት ሦስተኛው ጥራዝ ላይ ነው።

ብላክ ጃክ ያለበት ጥራዝ ሲደርስ ሳቄ መጣ። ቴዙካ ከ1973 ጀምሮ የሣለው ቀዶ ሐኪም ነው፤ ፊቱ ላይ የስፌት ጠባሳ የተጋደመበት፣ ፈቃድ የሌለው፣ ዋጋው የማይቀመስ። በዚያ ፊት እጥፋት በኩል መርፌ እያሳለፍኩ ነበር። እኔም ፈቃድ የለኝም። ዋጋዬ ግን እራት ነው።

የመጨረሻው ገበታ ከሁሉም ይከብዳል። ክሩ እንዲጠብቅ መጽሐፉን ተጭኖ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እናቴን ጠራኋት። «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ለምንድን ነው የሚሆነው?» አለች፤ ግን ይዛልኛለች። ቋጠሮው መጨረሻው ጥራዝ ውስጥ ተደበቀ።

ሰኞ

ይዘረጋል። መሐሉን ከፈትኩት፣ እጄን አነሳሁ፣ ለጥ ብሎ ቀረ። መጀመሪያውንም፣ መጨረሻውንም ሞከርኩ። አይመለስም። በማጉያው እስከ ውስጠኛው ጠርዝ ድረስ መሄድ ይቻላል።

ሥዕል ከገጽ ገጽ በሚሻገርበት ቦታ መሐል ላይ ነጭ የዋሺ መስመር ይታያል። ጓደኛዬ በቪዲዮ አይታው አንድ ሐሳብ አመጣች። «የጎደለውን ኮምፒውተር ላይ ሞልተሽ አትመሽ ለምን አትለጥፊበትም?» እችላለሁ። አላደርገውም። ክፍተቱ ልኩን ስለጠበቀ መስመሮቹ በትክክል ይቀጥላሉ፤ ዓይን ይዘለዋል። ቴዙካ የራሱን ገጽ ሲቀጥል ቅጥያው ይታያል፤ የኔም ይታይ።

ጥያቄ የሆነብኝ ቆዳው ነበር። በደንቡ ገበታው ቀይ የፍየል ቆዳ ይለብሳል፣ በጋለ ብረት ይደጎሳል። ግን ቆዳ ጀርባውን ከሸፈነው ሰንሰለቱ አይታይም፣ ስፌቱም እንደ ልቡ አይተጣጠፍም። ስለዚህ ገበታው ራቁቱን ይቀራል። ብዙ የገጠር ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት እንዲሁ ባዶ ገበታ ናቸው፤ አዲስ ነገር አላመጣሁም። እንጨቱን በተልባ ዘይት ስሱን ቀባሁት፤ ዘይቱ ወደ ወረቀቱ እንዳይሄድ በገበታውና በጥራዙ መሐል ፕላስቲክ አግብቼ።

ቆዳው ለማኅደሩ፣ ማለትም መጽሐፉ ለሚገባበት የቆዳ ከረጢት፣ ይውላል። አቧራ የሚገባው በክፍቱ ጀርባ ስለሆነ ማኅደር የግድ ነው። በየጎኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ልቅ አድርጌ ለክቻለሁ፤ ከዚያ ከጠበበ ሲገባና ሲወጣ ሰንሰለቱን ይፍቀዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ቆዳውን ይዞልኝ ይመጣል። ማኅደር ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ ነበረው። እሱን እተወዋለሁ። ይህን የሚያህል የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከሁለት ገበታ ጋር ምስማር ላይ ልስቀል ብል የኪራይ ቤት ግድግዳ ነው የማፈርሰው።